የሻለቃ ማንኪያ ቁመት

በየመሥሪያ ቤቱ ልጅነቱ ያላለቀለት አንድ ሰው አለ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ የደም ግፊት ኪኒን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ልጅነቱ ግን ቀጣዩን ክፍል እየጠበቀ እዚያው ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ እንዳለ ነው። ይህን ሰው መለየት አያስቸግርም። ስለ አየሩም፣ ስለ ታክሲውም፣ ስለ አለቃም ሲወራ ዝም ብሎ ሻዩን ይጠጣል። አንድ ሰው ተሳስቶ "እኛ ልጆች ሳለን እኮ አንድ ፕሮግራም ነበር" ብሎ አፉን ከከፈተ ግን በቃ፣ አለቀ። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ የምሳ ሰዓት ያልፋል፣ ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

ሌላው መሥሪያ ቤት ሁለትም ሦስትም ሊኖሩት ይችላሉ። የእኛ ሆስፒታል ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ይበቃናል። እሳቸውም የሕፃናት ክፍል ዋና ነርስ፣ ባለ ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግሎት፣ የመርፌ ንግሥት፣ የሽሮፕ ጠቅላይ አዛዥ፣ ክብርት ሻለቃ ናቸው። ወታደር ሆነው አያውቁም። ማዕረጉን ያገኙት ከአንድ ማንኪያ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በልጅነታችን ሁለት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነበሩ፤ ሁለቱም የልጆች ፕሮግራማቸውን የሚያሳዩት ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለምን በአንድ ሰዓት እንዳደረጉት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። በአንደኛው "ሾፌሩ ጉማሬ" ይቀርባል፤ ከተማውን ሙሉ በአውቶቡስ የሚያመላልስ፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር የሚያስነጥስ ጉማሬ ነው። በሌላው ደግሞ "ሻለቃ ማንኪያ" አለ፤ የማዕድ ቤት ዕቃዎችን አሰልፎ ከዝገት ንጉሥ ጋር የሚዋጋ ማንኪያ። መቅረጫ የሚባል ነገር የለም፣ ድጋሚ የለም። አንዱን ያየ ሌላውን አላየም። እንዲህ ሆኖ አንድ ትውልድ ለሁለት ተከፍሎ አደገ፣ ተማረ፣ ሥራ ያዘ፣ ተጋባ። አንዳንዱ የትዳር ጠብ ሥሩ እዚያ ይመስለኛል።

እኔ የጉማሬ ልጅ ነኝ። ይህንን ለክብርት ሻለቃ የተናዘዝኩት በራጅ ክፍል በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን ነው። የአንድ ሕፃን የደረት ራጅ ይዤ ወደ ክፍላቸው ስገባ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ፊልሙን ሳይቀበሉ ጠየቁኝ።

"ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

የጠፋ ዕቃ ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቤቴ ነበርኩ፣ ምስክርም አለኝ አልኩ። የሚጠይቁት ስለ ባለፈው ቅዳሜ ሳይሆን ስለ ልጅነቴ ቅዳሜ መሆኑን በጆሮዬ የነገረችኝ አጠገባቸው የነበረች ነርስ ናት። ያን ጊዜ ጉማሬውን እንደማይ ተናገርኩ። ክብርት ሻለቃ ፊልሙን ተቀበሉኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ሐዘኔታ ለበሽተኛ እንኳ የሚሰጡት ዓይነት አልነበረም። አይዞህ አሉኝ፤ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ምን ያውቃል፣ አይፈረድብህም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሆስፒታሉ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ የእኛ የጉማሬዎች ሥራ ሆነ። ሐኪም ካረፈደ "አውቶቡስ እየጠበቀ ይሆናላ" ይላሉ። ውሃ ከተቋረጠ ጉማሬው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ነው። ያነሳሁት ራጅ ትንሽ ደብዘዝ ካለ ደግሞ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ፍሬን ስትይዝ አስነጥሰሃል፤ ድገመው" ብለው ይመልሱልኛል። ሁለቱንም ፕሮግራም የማያውቁትን ወጣት ሐኪሞች በተለየ ርኅራኄ ነው የሚይዟቸው። "ቅዳሜ ያልነበራቸው" ይሏቸዋል።

የዕውቀታቸው ጥልቀት የሚያስፈራ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስለ ሻለቃው ቀይ ካባ ሲተርኩ፣ ሁሉን ነገር ካላጣሩ የማይሆንላቸው ቀዶ ሐኪማችን፣ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁ። ክብርት ሻለቃ የቆረሱትን ዳቦ መልሰው አስቀመጡና፣ ዶክተሩ የሻለቃውን ድምፅ ሰምተው ያውቁ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። ዶክተሩ አልሰማሁም አሉ። "እንግዲያው ምን ላድርግልዎ?" አሉ ክብርት ሻለቃ፤ "ያ ድምፅ ከቀይ ካባ ውስጥ ነው የሚወጣው።" ቀዶ ሐኪሙ አመስግነው ምሳቸውን ቀጠሉ።

በግቢው ውስጥ ሻለቃ ማንኪያን በልጅነታቸው በዓይናቸው ያዩት ሌላ ሰው የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ብቻ ናቸው። እኚህ ጨዋ ሰው አንድ ጊዜ፣ በጣም በዝግታ፣ እሳቸው እንደሚያስታውሱት ሻለቃው ትንሽዬ ነገር እንደነበረ ተናገሩ። ክብርት ሻለቃ አልተቆጡም። "ከሩቅ ተቀምጠው ነው ያዩት" ብቻ አሏቸው። ሰውየው ሳምንት ሙሉ ሲያስቡ ከረሙ። ከዚያ በኋላ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ለአንዲት ደንበኛ፣ ሻለቃ ማንኪያ በበር ለመግባት ጎንበስ ማለት ነበረበት እያሉ ሲያስረዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሊፍቱን ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። መብራት ሄዶ ሰባት ሰዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ተንጠለጠልን፤ እኔ፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ ሦስት ጠያቂዎችና ክብርት ሻለቃ። እጅህን ብትዘረጋ የማይታይ ጨለማ ነው። ከጠያቂዎቹ አንደኛዋ መተንፈስ አቃተኝ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ክብርት ሻለቃ እንድትረጋጋ አልነገሯትም። "እሽሽ" አሉ፤ "ደረጃው ላይ ሰው አለ።" ከዚያ በጫማቸው ተረከዝ የሊፍቱን ወለል መቱ። ድም። ድም። ድም። በአርባ ደቂቃ ውስጥ የገንዳው ከበባ የተባለውን ክፍል ከነነፋሱ፣ ከነክዳኖቹ ኳኳታ፣ ውሃው በቧንቧ ሲመጣ ከሚያሰማው ጉርጉርታ ጋር አስኬዱት። የጥገና ሠራተኛው በሩን ፈልቅቆ ብርሃን ሲያስገባ፣ እኚያ የተከበሩ ቀዶ ሐኪም እጃቸውን ዘርግተው "አንድ አምስት ደቂቃ መልሰህ ዝጋው" አሉት። እኔ በሥራዬ የሰው ውስጡን ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ግን ጨዋታ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ነርሶች ይዘውት የሚወራጭ፣ ጩኸቱ እስከ ራጅ ክፍል የሚሰማ ልጅ አለ እንበል፤ ግሉኮስ ሊሰካለት ነው፣ የደም ሥሩ ጠፍቷል። ክብርት ሻለቃ ይመጣሉ። ልጁን አይነኩትም፣ አያባብሉትም። "እሽሽ፣ ደረጃው ላይ ሰው አለ" ይሉና በተረከዛቸው ወለሉን ይመታሉ። ልጁ ጩኸቱን ያቆማል፤ ዓይኑ ከመርፌው ላይ ተነስቶ በሩ ላይ ይተከላል። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ የብር ፊቱ የሚያበራ፣ ቀይ ካባ የደረበ ማንኪያ ሊገባ ነው። መርፌው መቼ እንደገባ አያውቅም። ይህን በዓይኔ ባየሁ ቁጥር ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ይቆማል፤ እኔ የጉማሬ ሰው ሆኜ ነው እንግዲህ በሩን ዞር ብዬ የማየው።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ሦስት ነገሮች ባንድ ላይ መጡ።

መጀመሪያ የመጣችው አልጋ አራት ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ የጭን አጥንቷ ተሰብሮ እግሯ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ ከተኛች አምስተኛ ሳምንቷ ነበር። አምስት ሳምንት የተኛ ሰው ሁሉን ነገር ይሰማል። ለእሷ ሻለቃው በመጨረሻ ወደ ባሕር ሄደ ተብሎ ተነግሯታል፤ ለአልጋ ሁለት ጨረቃ ላይ ወጣ፤ ከሷ በፊት አልጋ አራት ላይ ለነበረው ደግሞ ቀልጦ ደወል ሆነ። ልጅቷ ምስክሮቿን አሰባሰበችና ክብርት ሻለቃን በሁሉ ፊት ጠየቀቻቸው። "እውነተኛው መጨረሻ የቱ ነው?" ክብርት ሻለቃ የሙቀት መለኪያ አፏ ውስጥ ከተው ሄዱ። ሠላሳ አምስት ዓመት ጥያቄ ሲሸሹ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጡት አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ዳሌያቸውን ራጅ ሊነሱ። ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ እንዳይንቀሳቀሱ ስነግራቸው፣ እሳቸውም ለሰው እንዲሁ ሲሉ እንደኖሩ ነገሩኝ። ካሜራ አንሺ ነበሩ። የት ሠሩ ብላቸው የሁለተኛውን ጣቢያ ስም ጠሩ። የልጆች ፕሮግራምም ቀርጸው እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቅ ብለው፣ አንድ የማንኪያ ነገር ነበር አሉ። እኔ ዳሌያቸውን ሁለቴ አበላሽቼ በሦስተኛው አነሳሁ። ጣቢያው ፊልሞቹን ሲጥል እሳቸው አንዱን ወደ ቤታቸው ወስደውት ኖሮ የልጅ ልጃቸው በፍላሽ አስገልብጣላቸዋለች። የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የመጨረሻው ነው አሉኝ።

ሦስተኛው የእኔ ሞኝነት ነው። ሽማግሌው ያዋሱኝን ፍላሽ እንደ ያዝኩ ወደ ሕፃናት ክፍል ሮጥኩ። የስንብቱ ዕለት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በልጆቹ መጫወቻ ክፍል ቴሌቪዥን ላይ የሻለቃ ማንኪያ የመጨረሻው ክፍል ለሁሉ ሰው እንደሚታይ በደስታ አበሰርኩ። ልጆቹ ጮኹ። አልጋ አራት ትራሷን አቀፈች። ክብርት ሻለቃ ለአንድ ሕፃን ሽሮፕ እየቀዱ ነበር፤ ማንኪያው ሞልቶ በእጃቸው ላይ ፈሰሰ።

"ሥዕሉም አለ?" አሉኝ።

ሥዕልም ድምፅም አለ አልኳቸው። እጃቸውን ጠርገው ወጡ። ነርሶቹ ደስታ ነው ያስደነገጣቸው አሉ፤ እኔም ደስታ ነው አልኩ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ፍላሹ መሥራቱን ላረጋግጥ የራጅ ክፍሌን ዘግቼ በኮምፒውተሩ ከፈትኩት። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ከዚያ እርምጃ። ድም፣ ድም፣ ድም። እመኑኝ፣ የክብርት ሻለቃ ተረከዝ ራሱ ነው፤ አንድ እንኳ አልተዛነፈም። ድምፁም መጣ፤ ከደረት ሥር የሚወጣ፣ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ። ቀጥሎ ሻለቃ ማንኪያ ወጣ።

የሻይ ማንኪያ ነው። ጣቴን የምታህል የሻይ ማንኪያ፣ ሁለት ዓይን በቀለም ተነጥቦባት፣ የጥጥ ጺም ተለጥፎባት። ካባ የሚባል የለም፤ መሀረብ ነው። ከሥር የያዛት ሰው እጅጌ ከነቁልፉ ይታያል። ገንዳው የእጅ መታጠቢያ ሳህን ነው፤ ክብርት ሻለቃ ሰባት ራስ አለው የሚሉት የዝገት ንጉሥ አንድ የዛገ የድስት ክዳን ነው። እዚያ ላይ አቆምኩት። መጨረሻውን ከእሳቸው ቀድሜ ማየት ነውር መሰለኝ።

ሐቁን ልናገር፤ በመጀመሪያ ሳቅኩ። የጉማሬ ልጆች ለዚህ ቀን ስንት ዓመት ጠብቀናል። ወዲያው ግን ዓርብ ትዝ አለኝ። ነገ ሃያ ሕፃናት ይህቺን የሻይ ማንኪያ ያያሉ። ከነገ ወዲያ ክብርት ሻለቃን የሚተኩት ነርስ "ደረጃው ላይ ሰው አለ" ሲሉ ወደ በሩ የሚዞር ዓይን አይኖርም። እሳቸውስ? ሠላሳ አምስት ዓመት የሠሩበት ቤት በመጨረሻው ቀን ውሸታም አድርጎ ሊሸኛቸው ነው፤ ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ።

የመድኃኒት መጋዘኑ ውስጥ አገኘኋቸው፤ የተቆጠረ ጓንት መልሰው እየቆጠሩ ነበር። በሩን ዘግቼ ፊልሙን እንዳየሁት ነገርኳቸው። አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

"እኔ አይቼው አላውቅም" አሉ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። በቤታቸው ቴሌቪዥን ነበር፤ ሦስት ታናናሽ ወንድሞችም ነበሩ። አባታቸው ፍትሕ የሚወዱ ሰው ስለነበሩ በየቅዳሜው ልጆቹን እጅ አውጡ ይሉ ነበር፤ ሦስት እጅ ለጉማሬው። መጀመሪያ አራተኛውም እጅ ለጉማሬው ይወጣ እንደነበር ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለት ወር ሙሉ ጉማሬውን አይተዋል። ይህንን ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ ይኸው መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ቅዳሜ እናታቸው ሽንኩርት አምጪ ብለው ዕቃ ቤት ላኳቸው። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ከጎረቤት ቤት ጋር አንድ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያ ድምፅ መጣ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ለሻለቃው አንድ እጅ ያወጣሉ፤ ሦስት ለአንድ ይሸነፋሉ፤ ብርጭቆ ይዘው ዕቃ ቤት ገብተው ጆሯቸውን ከግድግዳው ጋር ይለጥፋሉ። ጎረቤት ሄደው እንዳያዩ አባታቸውና ጎረቤቱ በአንድ የውሃ መውረጃ ቦይ የተነሳ ተኳርፈው ነበር፤ ሰላምታ የለም። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ቁመቱንም፣ ካባውንም፣ የንጉሡን ሰባት ራስም ያዩት በሽንኩርት ከረጢቶች መካከል፣ በጨለማ ነው።

"አንድ ቀን ድምፁ ቀነሰብኝ" አሉ። "ሳላስበው ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳሁ። ከወዲያ ያለው ሰው ከፍ አደረገልኝ።"

ማን እንደነበር ጠየቅኳቸው። እስከ ዛሬ አያውቁም። ልጅ ይሁን ትልቅ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ፊቱን አይተውት አያውቁም። በየቅዳሜው ሁለቴ ያንኳኳሉ፣ በየቅዳሜው ከፍ ይልላቸዋል። የመጨረሻው ክፍል ሊተላለፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ጎረቤቶቹ ቤት ለቀቁ። ቅዳሜ ብርጭቋቸውን ይዘው ገቡ፣ ሁለቴ አንኳኩ፤ ግድግዳው ባዶ ነበር። ከሳሎን ወንድሞቻቸው በጉማሬው ሲስቁ ይሰማቸው ነበር። ክብርት ሻለቃ ይህንን ሲያወሩ አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸው መሰሉኝ። ከዚያ በኋላ ስንት መጨረሻ እንደፈጠሩ አያውቁትም፤ አንዱም ግን ልክ አልመጣላቸውም።

"ሻለቃ ማንኪያ እኮ ቁመቱ..." ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሱ። "ቁመቱን እንዳትነግረኝ" አሉ። ጓንቶቹን ወደ ካርቶኑ መለሱ፤ ቆይተውም፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "መጨረሻውን ግን ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር" አሉ።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ስገባ ሚስቴ ምን ሆነሃል አለችኝ። ስለ አንድ ማንኪያ እያሰብኩ ነው አልኳት፤ እሷም የሻለቃ ልጅ ስለሆነች በመጨረሻ ሰው ሆንክ አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ከመጫወቻው ክፍል አውጥቼ አጠገቡ ካለው የአንሶላ መጋዘን ውስጥ አስገባሁት። የሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ አንድ ነው፤ ስስ ነው፤ አንሶላ የሚያጣጥፉት ሴቶች ሐሜት ልጆቹ ጋ እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ ምን እየሠራህ ነው ሲሉኝ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን እንቢ አለ፣ ድምፅ ብቻ ነው ያለው አልኳቸው። ክብርት ሻለቃ ባዶውን ቦታ አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አጋጣሚ ሆኖ አላየሁትም፤ መጋዘኑ ውስጥ፣ በአንሶላ ክምር መካከል ነበርኩ። በኋላ እንደ ነገሩኝ ክብርት ሻለቃ ለልጆቹ ሻለቃ ማንኪያ የሚታይ ሰው እንዳልሆነ፣ የሚሰማ ሰው እንደሆነ አስረዷቸው። ወንበራቸውን ሳቡና ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ። መራመድ የሚችሉት ልጆች ተከተሏቸው። የአልጋ አራትን አልጋ ከነተሰቀለው እግሯ እየገፉ አመጡላት። ቀዶ ሐኪሙ ትንሽ ቆመው ሲያመነቱ ቆዩ፤ ከዚያ የልብ ማዳመጫቸውን ከአንገታቸው አውርደው ግድግዳው ላይ አደረጉት። ይህን ያዩ ሐኪሞች ሁሉ እንደዚያው አደረጉ፤ ቅዳሜ ያልነበራቸውም ጭምር። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ብርጭቆ አመጡ።

እኔ አስጀመርኩት። ፈርቼ ድምፁን አሳንሼው ኖሯል። ነፋሱ ገና እንደ ጀመረ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ያ ማንኳኳት ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው የተንኳኳ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ያህል መንገድ ላይ የቆየ። መልስ የምሰጠው ግን እኔ ነበርኩና ከፍ አደረግኩት።

ሻለቃው ደረጃውን ሲወርድ ከወዲያ በኩል ልጆቹ ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማሁ። እኔ ፊት ለፊቴ አንዲት የሻይ ማንኪያ በሰው እጅ ተይዛ ሳህን ላይ ትንገዳገዳለች። እነሱ ጋ በር የሚያህል ነገር እየገባ ነው። ከሁሉም ቀርቤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ያላየሁትም እኔ ብቻ ነበርኩ። የዝገት ንጉሥ ተሸነፈ። ጦሩ ተሰበሰበ። አንዲት ትንሽ ሹካ እየተንቀጠቀጠች፣ ሻለቃ፣ ከእንግዲህ ወዴት ትሄዳለህ አለችው።

"ወደ መሳቢያዬ" አለ ያ ድምፅ። "መሳቢያ ሩቅ አይደለም። የራበው ሰው ሲመጣ ይከፈታል።"

መሳቢያው ተገፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። አለቀ።

ባሕር የለም፣ ጨረቃ የለም፣ ደወል የለም። ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። ቅር ብሏቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ተነስቼ ልወጣ ስል ክብርት ሻለቃ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ለቅሷቸው እንደ ሌላው ሥራቸው ሁሉ ሥርዓት ያለው፣ አጭርና የማያሻማ ነበር። አፍንጫቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ የአልጋ አራት ድምፅ መጣ፤ ታዲያ ሲስተርም ወደ መሳቢያቸው መሄዳቸው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሩቅ አይደለም አሏት ክብርት ሻለቃ።

እጄ ፍላሹ ላይ እያለ ግድግዳው እንደገና ሁለቴ ተንኳኳ። በዚህኛው ጊዜ ከታች በኩል ነው፤ አልጋ ላይ የተኛ ልጅ እጅ ከሚደርስበት። የምፈለገው ለምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ለአንድ የጉማሬ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ወንበሬን አዞርኩ፣ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጠሁ፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ።

ነፋሱ መጣ። እርምጃው መጣ። ቁመቱ ከበር ይበልጣል፤ ካባውም ቀይ ነው።